አርባ ጆንያ በርበሬና አንድ የማይታይ ምልክት

በርበሬ በረንዳ የገባ ሰው መጀመሪያ ያስነጥሳል፣ ሰላምታው ከዚያ በኋላ ነው። እኔ ሦስት ዓመት ተመላልሼበትም ማስነጠሱ አልቀረልኝም። እዚያ ዛላ በርበሬ በጅምላ ለሚሸጡ፣ ሰፈሩ ሁሉ እትዬ ለሚላቸው ሴት የኮምፒውተር ፕሮግራም ሠርቼላቸው ነበር። እሳቸው ጭነት ሲልኩ የድርጅታቸውን ስም፣ የእቃውን ዓይነትና የጆንያውን ብዛት ይጽፋሉ። ፕሮግራሙ ያንን ይዞ፣ ሰው መሃል ሳይገባ፣ ከከተማ ውጪ ላለው የቅመም ፋብሪካ ኮምፒውተር ይነግራል። የሚነግርበት አጻጻፍ ኤክስኤምኤል ይባላል፤ እያንዳንዱ መረጃ በመክፈቻና በመዝጊያ ምልክት ታስሮ ነው የሚሄደው። መልእክቱ በደንቡ ካልደረሰው ፋብሪካው በሩን አይከፍትም።

አንድ ቀን ከምሳ በፊት እትዬ ደወሉልኝ።

«ና ቶሎ! አርባ ጆንያ በርበሬዬ ፋብሪካው በር ላይ ቆሟል። ሾፌሩ ሰማዩ ጠቆረ ይለኛል፣ ሸራው ደግሞ ቀዳዳ ነው። ያንተ ማሽን ነው ያስቆመኝ!»

በርበሬ ውሃ ከነካው ይሻግታል፤ የሻገተ ደግሞ የሚገዛ የለም። ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ላይ ታክሲው አልንቀሳቀስ ሲል ወርጄ በእግሬ ሮጥኩ። እየሮጥኩ ጥፋተኛውን አገኘሁት፤ ፋብሪካው ነው። እኔ እንዲህ ነኝ፣ ጥፋተኛውን የማገኘው ከጥፋቱ በፊት ነው።

እትዬ መደብር ደርሼ ስደውል የፋብሪካው የኮምፒውተር ባለሙያ በጣም ትሁት ነበር፤ ይሄም አናደደኝ።

«ወንድሜ፣ አሥራ አራተኛው መስመር ላይ ያልተፈቀደ ምልክት አለ። የኛ ሲስተም እንደዚህ ያለውን ሙሉ በሙሉ ነው የሚመልሰው።»

«እኛ ጋ ንጹህ ነው፣ የራሳችሁን እዩ!» አልኩት።

በእርግጥም ስክሪኑ ላይ ያ መስመር የእትዬን ድርጅት ስም ብቻ ነው የያዘው፤ መጨረሻው ላይ «ንግድ» ይላል፣ አለቀ። ስሙን እትዬ በየጭነቱ እንደ አዲስ ነበር የሚጽፉት፤ ፕሮግራሙ እንዲያስታውሰው ማድረግ ሰንፌ ነበር። ፋብሪካውን ትቼ ኢንተርኔቱን ወቀስኩ። ኢንተርኔቱ ደግሞ ያን ቀን፣ ሲፈርድብኝ፣ ጥሩ ነበር።

እትዬ ከኋላዬ ቆመዋል።

«አፍጥጠህ ምን ታየዋለህ?»

«ንጹህ ነው እኮ፣ ይኸው ይዩት።»

«እኔ በርበሬ አይቼ ገዝቼ አላውቅም። ከላይ ከላዩንማ ማንም ያሳምራል። እጄን እስከ ክርኔ እከትና ከታች ነው የማወጣው።»

«እትዬ፣ ፊደል ውስጥ እጅ አይከተትም።»

«እንግዲያው ቁጠረው!»

ደስ እንዲላቸው ብዬ ቆጠርኩ። ንግድ ሦስት ፊደል ነው። ኮምፒውተሩን ጠየቅኩት፤ አራት አለኝ።

አራተኛው መልክ የሌለው ምልክት ነበር፤ በድሮ ማሽኖች ዘመን «ደወል ደውል» የሚል ትእዛዝ። ኤክስኤምኤል ይሄንን ጭራሽ አይቀበልም። ኪቦርዱን ገልብጬ ሳራግፈው ለአንድ ወጥ የሚበቃ የበርበሬ ብናኝ ወረደ። ብናኙ ኮንትሮል የሚባለውን ቁልፍ አጣብቆ ተጭኖ አስቀርቶት ኖሯል። ስለዚህ እትዬ «ግ»ን ሲነኩ በፊደሉ ፋንታ ደወሉ ገባ። ምንም ስላልታያቸው ቁልፎቹን መታ መታ አድርገው፣ የተጣበቀው ሲለቅላቸው ደግመው ጻፉት።

«ተገኘ! የእርስዎ በርበሬ ነው ጥፋተኛው!» ብዬ ጮህኩ። የጎረቤት ነጋዴዎች ሳቁ። እትዬ ግን አልሳቁም።

«እኔ መደብሬ በር ላይ ሰው አለኝ፤ እያንዳንዱን ጆንያ ዳብሶ ነው የሚያስገባው። ያንተ ማሽን በር ላይ ማን አለ?»

«ማንም» አልኩ።

ፕሮግራሙ ላይ በጥድፊያ ደንብ ጻፍኩ፤ ከተፈቀደው ውጪ ያለውን ሁሉ ሰርዝ የሚል። መልእክቱ ሄደ፣ ፋብሪካው ተቀበለ፣ በረንዳው አጨበጨበልኝ። እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ ጎንበስ ቀና እያልኩ ሳመሰግን ሾፌሩ ደወለ።

«እትዬ፣ የፋብሪካው ጥበቃ መልእክቱ ላይ ላኪ የለም፣ እቃም የለም፣ አርባ ጆንያ ግን አለ ይላል። ምንም የሚባል እቃ አርባ ጆንያ አላስገባም አለኝ። ይኸው ማካፋት ጀመረ!»

ደንቡን የቀዳሁት ከሌላ ሥራዬ ነበር። የሚፈቅደው የእንግሊዝኛ ፊደልና ቁጥር ብቻ ነው። አማርኛውን አንድ ሳያስቀር ጠርጎ፣ አርባን ብቻ ተወው።

አሁን የሚስቅ አልነበረም። እትዬ በርጩማቸው ላይ ተቀመጡና ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። እኔ ደንቡን አረምኩት፤ ኤክስኤምኤል የማይቀበላቸውን ምልክቶች ብቻ ለይቶ፣ በዝምታ ከመሰረዝ ይልቅ «እዚህ ጋ የማይታይ ነገር ገብቷል» ብሎ ጸሐፊውን እንዲመልስ። ስሙን እኔው ጻፍኩት፣ ቆጠርኩት፣ ላክነው። በሩ ተከፈተ። ሠላሳ ሰባቱ ጆንያ ደህና ገባ፤ ቀዳዳው ሥር የነበሩትን ሦስቱን ግን ዝናቡ አግኝቷቸው ስለነበር ፋብሪካው መለሳቸው።

ከሦስት ቀን በኋላ ሳይጠሩኝ ሄድኩ። እትዬ የራሰውን በርበሬ ሸራ ላይ ዘርግተውታል። በርጩማ ሰጡኝና የሻገተውን ከደህናው እንድለይ አዘዙኝ። ገና ሥራውን እንደጀመርኩ ዓይኔን በእጄ አሸሁት፤ ከዚያ በኋላ ለግማሽ ሰዓት አለቀስኩ። ነጋዴዎቹ ጸጸት መስሏቸው ተራ በተራ አይዞህ አሉኝ። ልክ ነው፣ ጸጸትም ነበረበት። ሴትየዋ የደከሙበትን ንብረት አበላሽቻለሁ፤ ቀኑን ሙሉ ይሄን ስል ግን አልተሰማሁም።

ወደ አሥር ሰዓት ላይ ለይቼ የጨረስኩትን ክምር በኩራት አሳየኋቸው። እትዬ አንድ የሚያምር ቀይ ዛላ አንስተው ለሁለት ሰበሩት። ውስጡ ግራጫ ሻጋታ ነበር።

«ይሄንንስ ማን አሳለፈው?»

ልማድ ሆኖብኝ የማሳብብበት ነገር ፍለጋ ዙሪያዬን ቃኘሁ።

«እኔ ነኝ፣ እትዬ» አልኳቸው።

እትዬ ቁልቁል አዩኝና በርጩማውን በእግራቸው ወደ ክምሩ መልሰው አስጠጉልኝ።