ባለ አንድ ጆሮዋ ጥንቸል

ሥራ የጀመርኩ ቀን ዳይሬክተሯ ወይዘሮ ጽጌ አንድ ፓኬት ጠመኔ አስጨበጡኝና፣ «የፒያሳን ወላጅ አታውቂውም፤ ልጆቹ የሚሠሩት ነገር ሁሉ ማማር አለበት» አሉኝ። የመዋዕለ ሕፃናት ረዳት መምህርት ነበርኩ። ሥራዬ ዋናዋ መምህርት ስታስተምር አፍንጫ መጥረግ፣ ጫማ ማሰርና እርሳስ መቅረጽ ነበር።

ዋና መምህርት ስሆን የእጅ ሥራውም በእኔ ላይ ወደቀ። ዕቃ መግዣ አልነበረንም። ከጨርቅ ሱቆች ጣቃ የሚጠቀለልበትን የካርቶን ቱቦ እየለመንኩ፣ ቤቴ በዳቦ ቢላ በመዳፍ ልክ እቆርጠውና ጫፉን በብርጭቆ ወረቀት አለሰልሰዋለሁ። ልጆቹ ቀለም ይቀቡታል። ሲደርቅ የእንስሳ ጆሮ ከወረቀት ቆርጠው በኮላ ይለጥፉበታል። ኮላ ከበዛ ጆሮው ይንሸራተታል፤ ስለዚህ አንድ መዝሙር ዘምረን እስክንጨርስ በጣታቸው ይዘውት ይቆያሉ። አንድ ዓመት ሁሉም መሥራት የፈለጉት በካርቱን የሚያዩዋትን ጥንቸል ነበር።

ሰሚራ የምትባል ተማሪ ነበረችኝ፤ ቱቦ የምትሰጠኝ የጨርቅ ነጋዴዋ የዘይነባ ልጅ። ስትጠራ አትዞርም። ተነሱ ሲባል ሌሎቹን አይታ ነው የምትነሳው። ወይዘሮ ጽጌ «እልኸኛ ናት፤ ዓመቱን ትደግማለች» ብለው ወስነው ነበር።

የወላጆች ቀን ዋዜማ ክፍሌ ገብተው መስኮቱ ላይ የደረደርናቸውን ጥንቸሎች አንድ በአንድ ሲያዩ፣ የሰሚራ ጋ ቆሙ። አንድ ጆሮ ብቻ ነበራት።

«ይኼ ምንድን ነው?»

«የሰሚራ ናት።»

«የማንም ትሁን፤ ሌላ ጆሮ ለጥፊላት። የተጣመሙትንም አቃኚያቸው።»

«አልነካቸውም። የልጆቹ ሥራ ነው።»

«የምልሽን አልሰማሽም?»

«ሰምቻለሁ ወይዘሮ ጽጌ። ግን አልለጥፍም።»

«ነገ እንዲህ ሆና ካገኘኋት ይህን ክፍል እርሺው!» ብለው በሩን ድርግም አድርገው ወጡ።

ሰሚራን ከግቢው አምጥቼ አጠገቤ አስቀመጥኳት።

«ሰሚዬ፣ ሌላው ጆሮዋ የታለ?»

«የላትም።»

«ለምን?»

የግራ ጆሮዋን በጣቷ ነካ አድርጋ፣ «እዚህ ጋ አይሰማማ!» አለችኝ። የሁላችንም አንድ ጆሮ የማይሰማ ይመስላት ነበር።

ከኋላዋ ቆሜ በግራዋ በኩል «ከረሜላ ልስጥሽ?» ብዬ አንሾካሾክኩ። አልዞረችም። በቀኟ ስደግመው እጇን ዘረጋች። ከረሜላ አልነበረኝም፤ ወጥቼ ገዛሁላት።

ማታ እናቷ ሱቅ ሄድኩ። «ዘይነባ፣ ሰሚራ በግራ ጆሮዋ አትሰማም። ሐኪም ይያት» አልኳት። ጨርቅ እየቆረጠች ነበር፤ መቀሱን አስቀመጠች። «እኔ እኮ ሆን ብላ እየመሰለኝ ስቆጣት...» አለች።

በማግስቱ ጥንቸሏ እንዳለች መስኮቱ ላይ ነበረች። ወይዘሮ ጽጌ ከወላጆቹ ጋር ሲገቡ ዘይነባ ጥንቸሏ ፊት ቆማ ታያት ነበር። «ይቅርታ፣ ይቺ ትስተካከላለች» አሏት።

ዘይነባ ዞረች። «ማንም እንዳይነካት!» አለች።

ሐኪሙ ያልኩትን አረጋገጠ። ቀኝ ጆሮዋ ወደ እኔ እንዲሆን ቦታዋን ቀየርኩላት። ዓመቱንም አልደገመችም።

ወይዘሮ ጽጌም ቃላቸውን ጠበቁ። በሚቀጥለው ዓመት ወደ ረዳትነት መለሱኝ። «ይቅርታ ጠይቂና ክፍልሽን ውሰጂ» ብለው ሁለት ጊዜ አስጠሩኝ። ሁለቱንም ጊዜ «ምን አጥፍቼ?» ብዬ ተመልሻለሁ። እሳቸው እስኪለቁ ድረስ አፍንጫ ጠረግሁ፣ ጫማ አሰርኩ፤ ይቅርታ ግን አልጠየቅሁም።

አሁን ጡረታ ላይ ነኝ። አዲስ ለምትገቡ መምህራን የምለው አንድ ነገር ነው፤ የልጅን ሥራ ከማቃናታችሁ በፊት ለምን እንዲህ እንዳደረገው ጠይቁት።