የኋላው ክፍል ወለል

ሰፈሩ በሙሉ «እታለም» ይላታል። ስሙን ያወጣላት ታናሽ ወንድሟ ነው። እናታቸው ስታርፍ ገና አፉን አልፈታም ነበርና፣ መናገር ሲጀምር እንዲያ ብሎ ጠራት፤ ጎረቤቱም ከሱ አፍ ተቀብሎ አስቀረው። የተማሪ ዩኒፎርም ሰፊ ናት። የስፌት መኪናዋን ከፊተኛው ክፍል መስኮት ሥር አቁማ፣ የዛሬዎቹን ወላጆች ልጆች ሳሉ ለክታቸዋለች፤ አሁን ደግሞ ልጆቻቸውን ትለካለች። አላገባችም። ጠያቂ ጠፍቶ አይደለም፤ መጀመሪያ ወንድሟን ማሳደግ ነበረባት፣ እሱ ራሱን ችሎ የጭነት መኪና መንዳት ሲጀምር ደግሞ አባቷ የአልጋ ቁራኛ ሆኑ።

አባቷ አናጢ ነበሩ። የኋላውን ክፍል የወለል ጣውላ የመቱት በገዛ እጃቸው ነው። ግማሽ አካላቸው አልታዘዝ ያላቸው ጊዜ አልጋቸው እዚያው ተዘረጋ፤ እዚያው ተኝተው፣ እዚያው እያጠበቻቸው ዓመታት አለፉ። ካረፉ በኋላ ቤቱ ለሁለቱ ልጆች ቀረ። ወንድሟ ልጆቹን ይዞ ከኪራይ ቤት ወደ ኪራይ ቤት መንከራተቱ ስለመረረው «ይሸጥ» አለ። እሷም እሺ አለች። እሺ ማለት የለመደ አፍ ሌላ ቃል ቶሎ አይመጣለትም።

ደላላ መጀመሪያ ያመጣቸው ገዢዎች ባልና ሚስት ነበሩ። ሚስትየዋ ነፍሰ ጡር ናት፤ ደክሟት የኋላውን ክፍል ከበሩ ላይ ሆና ብቻ አየችው። በመስኮቱ የሚገባውን ብርሃን ወደደችና ለሕፃኑ እንደሚሆን ለባሏ ነገረችው። እነሱ ሲሄዱ ደላላው ገብቶ አልጋውን ፈቀቅ ቢያደርገው፣ ከሥሩ ጣውላው ጠቁሯል፤ ሲረግጡት እርጥብ አፈር እንደረገጡት ስምጥ ይላል። ደላላው ግን አልደነገጠም። ወፈር ያለ የላስቲክ ምንጣፍ ላዩ ላይ ይዘርጋበት፣ ማንም ገልጦ አያይም አለ። «ሙሽራም በቬሎዋ ነው የምትታየው» ብሎ ሳቀ። ወንድሟ በሐሳቡ ተስማማ፤ ምንጣፉን እንድትመርጥ እታለም ተላከች።

የወለል ምንጣፍና ሴራሚክ የሚሸጡት ባለሱቅ ጠና ያሉ ሴት ነበሩ። ጥቅሎቹን አንድ በአንድ እየዘረጉ አሳዩአትና «የቱን ወደድሽው ልጄ?» አሏት።

እታለም ዕድሜዋን ሙሉ ሌላው የመረጠውን ጨርቅ በሌላው ልክ ስትቆርጥ የኖረች ሴት ናት። አንዱን እንጨት መሳይ ምንጣፍ ዳሰሰችው፤ ቁርጥ ጣውላ ይመስላል። ያን ጊዜ ያቺ ነፍሰ ጡር ሕፃን ታቅፋ ማለዳ ወደዚያ መስኮት ስትራመድ ታየቻት። እጇን ሰበሰበች፤ ባለሱቋን አመስግና ባዶ እጇን ተመለሰች።

ወንድሟ ከሥራ የወሰደው ፈቃድ እያለቀበት ነበርና ተቆጣ። የሰው ቤት ልናሳምር ነው ወይ፣ ሁሉም ቤቱን እንዲህ እያደረገ ነው የሚሸጠው አለ። እስኪጨርስ ሰማችው።

«አባባ የተኙበትን ብስባሽ ሸፍኜ የሰው ልጅ አላስተኛበትም» አለችው። «ወይ ይነቀላል፣ ወይ ለገዢዎቹ ይነገራል።»

እምቢ ስትል ሰምቷት አያውቅም። ቁጣው መገረም ሆነበት። በማግስቱ ጠዋት እያጉረመረመ እጅጌውን ሰብስቦ ጣውላውን ራሱ መንቀል ጀመረ።

ሚስማሩ ዝጎ እንጨቱን ነክሶ ይዟል። ከሥር የወረደው የእጥበት ውሃ ተሸካሚ እንጨቶቹን ሳይቀር በልቷቸዋል። ወደ አልጋው ጎን ሲደርስ አንዱ ጣውላ ላይ ጎን ለጎን ሁለት ጎድጓዳ ቦታ አየ፤ ለስልሰው ያብረቀርቃሉ። ምን እንደሆኑ ጠየቃት።

«የምንበረከክበት ነው» አለች። «ጀርባቸውን ሳጥብ።»

መንቀያውን መሬት አስቀመጠና ተቀመጠ።

«ስደውል ደህና ነን ትዪኝ ነበር።»

«እሳቸውማ ደህና ነበሩ» አለችው።

ከዚያ በኋላ ያለውን ጣውላ ነቅሎ ጨረሰ። ያን አንዱን ግን ከሌሎቹ ጋር አልጣለውም፤ ግድግዳ አስደግፎ አቆመው።

ወደ ሱቁ ለሁለተኛ ጊዜ ስትሄድ ወንድሟም አብሯት ሄደ፤ እሱ ግን ከበሩ አላለፈም፣ አንቺ እንዳልሽ አላት። ክፍሉ በአፈርና በድንጋይ ተሞልቶ ሲሚንቶ ሊፈስበት ስለሆነ ሴራሚክ ነበር የሚያስፈልገው። ነጩን ባለሱቋ አሞገሱላት፤ እሷ ግን ነጭ ለምትወለውል ሴት ፋታ አይሰጥም አለች። የሚያብለጨልጨውንም ተወችው፤ ውሃ ሲነካው ያንሸራትታል። ሸካራውን፣ የገለባ ቀለም ያለውን መረጠች።

ለገዢዎቹ የነበረውንም የሆነውንም ነገረቻቸው። ባልየው አመነታና ሌላ ቤት ማየት እንፈልጋለን አለ፤ ደላላው እታለምን በዓይኑ በላት። ሳምንት አልፎ ግን ሚስቲቱ ይዛው ተመለሰች። ቤቱ ተሸጠ። ወንድሟ ከኔ ጋር ኑሪ ብሎ አጥብቆ ለመናት፤ እሷ ግን ደንበኞቿን ላለመራቅ ትምህርት ቤቱ አጠገብ አንድ ክፍል ተከራየች።

ቁልፍ በምታስረክብበት ዕለት ጫማዋን አውልቃ ወደ ኋላው ክፍል ገባች። ወለሉ ቀዝቃዛ ነው፤ ኮቴ አያሰማም። አልጋው የነበረበትን ቦታ ብትፈልግ ከየት እስከ የት እንደነበር መለየት አቃታት። በአባቷ ቀብር ላይ ያልወረደው እንባ ያኔ መጣ፤ አልከለከለችውም።

ውጭ ወንድሟ ዕቃዋን መኪናው ላይ አስሮ ሞተር አስነስቶ ነበር። ስትዘገይበት ጥሩምባ አልነፋም። ሞተሩን አጠፋና ጠበቃት።