ሳልቀምስ ያጣፈጥሁት ሰላጣ

ባለቤቴ ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ እዚሁ ደብረ ማርቆስ ቁልቁለቱ ላይ ራሷን ስታ ወደቀች። ሐኪሙ ደም ግፊት ነው አለ። ኪኒን ሰጣት፤ ጠዋት ጠዋት ምግብ ቀምሳ እንድትውጠው አዘዘ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረና፣ «አባባ፣ ጨው የሚባል ነገር እቤትዎ መኖሩን ይርሱት። ቅጠላ ቅጠል ያብሏት» አለኝ። እሺ አልሁ። እሺ ማለት ቀላል ነው።

ጨው የሌለው ወጥ ለእሷ ወጥ አልሆነላትም። አንድ ሁለት ጊዜ ትጎርስና «አፈር አፈር አለኝ» ብላ ሳህኑን ገፋ ታደርገዋለች። ሰላጣማ አይነሣ። ታጥቦ ተቀርድዶ ሲቀርብላት አየት ታደርገውና፣ «ምነው አንቱ፣ ከብት አደረጉኝሳ! እንግዲያ ጭድም ይቀላቅሉበት» ትለኛለች። ባለቤቴ ከተጋባን ጀምሮ አንቱ ነው የምትለኝ። አንተ ካለችኝ የተቆጣች ዕለት ነው።

እሷ ትቀልዳለች፤ እኔ ግን ሰውነቷን አያለሁ። ቀለበቷ እየወለቀ ሲያስቸግራት ክር ጠመጠመችበት። ትንሽ ቆይታ ሌላ ክር ጨመረችበት።

ባሕር ዳር ያለችው ልጃችን ለገና መጣችና እናቷን አይታ ደነገጠች። ከዚያ እኔን ማድቤት አስገባችኝ። እርጎውን በንጹሕ ጨርቅ ቋጥራ ሰቀለችው፤ ውሃው ተንጠፍጥፎ ሲያልቅ ወፍራም ሆኖ ቀረ። ነጭ ሽንኩርት ወቅጣ ጨመረች፣ ሎሚ ጨመቀች፣ ቁንዶ በርበሬ ነሰነሰች። ዘይቱን እንደ ክር አቅጥና እያፈሰሰች ታማስል ጀመር። ድሬሲንግ ነው የሚባለው አለችኝ። እኔ ማጣፈጫ እለዋለሁ።

«አባዬ፣ ዋናው ነገር መቅመስ ነው» አለችኝ። «ሎሚ ጠብ ያደርጋሉ፣ ይቀምሳሉ። ሽንኩርት ይጨምራሉ፣ ይቀምሳሉ። የጎደለውን ምላስዎ ይነግርዎታል።»

እውነቷን ነው። እሷ ከሄደች በኋላ እየቀመስሁ ሠራሁት። አንድ ቀን ይኮመጥጣል፣ አንድ ቀን ሽንኩርቱ ያይላል፤ ቢሆንም ባለቤቴ ቅጠሏን በማጣፈጫው እያጠቀሰች ትበላ ጀመር። ከቀለበቷ ላይ አንዱን ክር የፈታችውም ያኔ ነው።

ከዚያ ዐቢይ ጾም ገባ።

የነፍስ አባታችን መጥተው፣ «ሕመምተኛ ነሽ፤ ሰዓቱን ትቼልሻለሁ፣ ጠዋት ብዪና መድኃኒትሽን ዋጪ። እርጎውንም ቢሆን...» ሲሉ አላስጨረሰቻቸውም።

«ሰዓቱን እሺ አባ። እርጎውን ግን በሁዳዴ? ልሞት ነው እንዴ?»

«እንዳትሞቺ ብዬ እኮ ነው!»

እሳቸው ሳቁ፤ እኔ አልሳቅሁም። ሲወጡ እስከ በር ሸኘኋቸውና ምን ይሻላል አልኋቸው። «የጾም እርጎ ፈልግላታ!» አሉኝ። ለቀልድ ነው ያሉት። እኔ ግን ያን ይዤ አደርሁ፤ ሲነጋ ሱፍ ትዝ አለኝ። ሱፍ ተፈጭቶ ሲጠለል እንደ ወተት ነጭ አይደል? ፍትፍቱን ስንበላው አይደል የኖርነው?

ሱፉን ለቀምሁ፣ አፈላሁት፣ በሙቀጫ ወቀጥሁት፤ በውሃ በጥብጬ በጨርቅ አጠለልሁት። የመጀመሪያው ቀን ውሃ አበዛሁና ከቅጠሉ ላይ እየተንሸራተተ ሳህኑ ታች ኩሬ ሆነ። በማግስቱ ውሃውን ቀነስሁ፤ ሎሚውን፣ ሽንኩርቱን፣ ዘይቱን እንደ ልጄ አደረግሁ። ሲያዩት እርጎውን ቁርጥ። ጣዕሙን ግን በምን ልወቀው? እሷ ጠዋት ትበላለች፤ እኔ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጿሚ ነኝ። ጎረቤቱም ጿሚ፣ አላፊ አግዳሚውም ጿሚ። ማንን «እስቲ ቅመስልኝ» ልበል?

አሸትተዋለሁ። በማንኪያ አንሥቼ ሲወርድ አየዋለሁ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ የተረፈውን ብቀምሰው ሱፉ ውሎ ጣዕሙ ተለውጧል፣ የጠዋቱን አይነግረኝም። ባለቤቴን እንዴት ነው ስላት «ደኅና ነው» ትላለች። ሳህኑን ሳነሣው ግን ቅጠሉ ከነበረበት እምብዛም አልጎደለም። ለእኔ አዝና እንደምትቀምስልኝ ገባኝ። ክሩም ተመልሶ ተጠመጠመ።

ይህን ለጎረቤቴ አጫወትኋት። ከአጥሩ ማዶ ያለች፣ ሰናፍጭ በማዘጋጀት የተመሰገነች ሴት ናት። በማግስቱ ሰናፍጯን በብርጭቆ ከድና ይዛልኝ መጣች። «ጋሼ፣ ይችን ጣል ያድርጉባት። ምላሷ ይነቃል» አለችኝ። ስከፍተው ሽታው ዐይኔን አስነባኝ። አንድ ማንኪያ አደረግሁ፤ ማጣፈጫው ወደ ቢጫ ሄደ። አማረኝና ሌላ ደገምሁ።

ባለቤቴ የመጀመሪያዋን ቅጠል ጎረሰች። ቀና ብላ አየችኝ። ሁለተኛውን ጎረሰች። ከዚያ ወሬ የለ፤ ቅጠሉ አለቀ፣ ቲማቲሙ አለቀ፣ የሳህኑን ታች በእንጀራ ጠረገችው።

«ዛሬስ እጅዎ ይባረክ! ምግብ በላሁ» አለችና ኪኒኗን ዋጠች።

ደስታው እግሬን ቀለል አደረገልኝ። ሙቀጫውን ላጥብ ውጭ ወጣሁ። ጎረቤቴ በአጥሩ ላይ ብቅ አለች።

«ጋሼ፣ እንዴት ሆነልዎ?»

«ጠራርጋ በላችው!»

«እሰይ! ጨው ያንሰው ይሆን ብዬ ሰግቼ ነበር። ኋላ ጨመር አደረግሁበት።»

ሙቀጫው ከእጄ አምልጦ መሬት ላይ ተንከባለለ።

«ጨው አለው?»

«ምነው ጋሼ፣ ጨው የሌለው ሰናፍጭ ደግሞ የት አገር አለ?»

ተመልሼ ስገባ ባለቤቴ መደቡ ላይ ጋደም ብላ ተኝታለች። ጠዋት ተኝታ አታውቅም። ጎንበስ ብዬ ትንፋሿን አዳመጥሁ። ይወጣል፣ ይገባል። ሰሌኗ ላይ ያለው እጇ አይንቀሳቀስም። ልቀስቅሳት? ደንግጣ ብትነሣስ? ልተዋት? እንዲያው ተኝታ ብትቀርስ? ሁለት ማንኪያ ሰናፍጭ ውስጥ ምን ያህል ጨው እንዳለ ማን ያውቃል? ትንሽ ከሆነ ትንሽ ነው። ብዙ ከሆነ በእጄ አበላኋት ማለት ነው፤ እጅዎ ይባረክ እያለችኝ።

ሳህኑ ጠርዝ ላይ እሷ ያልደረሰችበት ትንሽ ማጣፈጫ ቀርቷል። ጣቴን ነከርሁ። ፀሐይዋ ገና ከጓሮው ባሕር ዛፍ በላይ አልወጣችም፤ ቅዳሴው ገና አልተገባም። ከልጅነቴ ጀምሮ ከሰዓቱ በፊት ሁዳዴን ገድፌ አላውቅም። ጣቴ አፌ አጠገብ ቆመ። ከዚያ ላስሁት።

ጨው ነው። ሰናፍጩ አፍንጫዬን እያቃጠለኝ፣ ሎሚው እየኮመጠጠኝ፣ ከሥሩ ጨው ነው። የባሰው ነገር ደግሞ ይጣፍጣል።

«አንተ! ጾም ገደፍህ?»

ዞር ስል በክንዷ ተደግፋ ቀና ብላለች፤ ዐይኗ ፈጧል። በአንተዋ ደስ ብሎኝ የሚያውቀው ያን ዕለት ብቻ ነው። እንዲህ የምትቆጣ ሴት ምን ሆነች ይባላል?

ቢሆንም አላመንሁም፤ ባጃጅ ጠርቼ ጤና ጣቢያ ወሰድኋት። መንገዱን ሙሉ ፊቷን አያለሁ፤ እሷ ደግሞ «ምነው እንደ ሙሽራ አፈጠጡብኝ?» ትለኛለች። ነርሷ ክንዷን ጠቅልላ ለካቻትና፣ «ትንሽ ከፍ ብሏል እንጂ የሚያስደነግጥ አይደለም። ዛሬ ምን በሉ እማማ?» አለቻት።

«ሰላጣ» አለች ባለቤቴ።

«ጎበዝ! እንዲህ ነው የሚባለው!»

ምስጋናውን ስሰማ አላስቻለኝም። «ሰናፍጩ ጨው ነበረበት፤ ሁለት ማንኪያ። እኔ ነኝ የጨመርሁበት፤ ሳልቀምስ» አልኋት። ነርሷ አየችኝ። «ታዲያ ለምን አልቀመሱም አባባ?» አለች። ከዚያ መልሱ ለራሷም መጣላት፤ እሷም ጿሚ ነበረች። ውሃ በደንብ ትጠጣ፣ ነገም መጥታ ትለካ አለችን።

የዚያኑ ዕለት ለነፍስ አባታችን መግደፌን ነገርኋቸው። «ስንት ጣት?» አሉኝ። አንድ ጣት አልሁ። ስግደት አዘዙልኝና፣ «ለመሆኑ ቤት ውስጥ ጠዋት መቅመስ የተፈቀደላት ሰው እያለች አንተን ምን አስቀመሰህ?» አሉኝ። ይህን ሁሉ ጊዜ እሷን እንደ በሽተኛ አስቀምጬ፣ የሚቀምስልኝ ሰው በመንደሩ ስፈልግ ኖሬያለሁ።

በማግስቱ ጠዋት የባለቤቴ ልኬት ወርዶ ተመለስን፤ እኔም መቀመጫ ዱካዋን አንሥቼ ማድቤት አስገባሁላት። ከወደቀች ወዲህ ማድቤት ገብታ አታውቅም ነበር። ሙቀጫውን አየች፣ ጨርቁን አየች፣ «ጉድ! በዚህ ነው የሚያጠሉልልኝ?» አለችና ሌላ ጨርቅ አስመጣች። ጎረቤታችን ጨው ሳይገባበት የለየችልንን ሰናፍጭ ከፈትሁ። የጨዉን ዕቃ አስቀድሜ ቆጡ ላይ፣ እጇ ከማይደርስበት ሰቅዬዋለሁ።

ጣቷን አጥልቃ ቀመሰች። እኔ ማማሰያውን ይዤ አፏን አያለሁ።

«ጨው ይጎድለዋል።»

«ይጎድለዋል» አልሁ።

ቀና ብላ ቆጡን አየች፤ ከዚያ እኔን አየች።

«እንግዲያ ሎሚ ይጨምሩ» አለች። «ኧረ ትንሽ! ይቁሙ! አሁን ሽንኩርት።»

ሎሚ ጨመርሁ። ሽንኩርት ጨመርሁ። እንደገና ጣቷን አጠለቀች፤ ቀለበቷ ከነክሩ ማጣፈጫው ጠርዝ ላይ ነካ አለ፤ እኔም የምትለውን እጠብቃለሁ።