የጋሽ ፊውዝ ኮረንቲ

ጋሽ ፊውዝ የመብራት ሠራተኛ ነው። ሰፈሩ ይህን ቅጽል ያወጣለት ከሥራው ተነሥቶ እንጂ በጠባዩ አይደለም። ጠባዩማ ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በየማለዳው በሚውጣት ነጭ የድብርት ክኒን ረግቶ የተቀመጠ ነው። ሐኪሙም ያን ሁሉ ዓመት ቀና ብሎ ፊቱን ሳያይ «እንደ በፊቱ ቀጥል» እያለ ማዘዣ ሲጽፍለት ኖረ። ይህ ሕክምና ከተባለ ማኅተምም ሐኪም ነው።

ሙያውን ግን ማንም አያማውም። ሽቦ ሲፈትን መጀመሪያ በቴስተር፣ ቀጥሎ በጣቱ ጀርባ ይነካል። «ቴስተር ይሳሳታል፣ የእኔ ቆዳ ግን አይሳሳትም» ይላል፤ ደንበኞቹም አፋቸውን ከፍተው ያዩታል።

ነጻ አውጪው እሑድ ምሳ ላይ መጣ። የሚስቱ ታናሽ ወንድም ነው፤ የመራው ማኅበር ሁሉ ፈርሶ ማዕረጉ ብቻ ስለተረፈለት «ሊቀመንበር» ይሉታል። ጠዋት ሮጦ ቀኑን ሙሉ ስለ መሮጡ የሚያወራ ሰው ነው።

«ጋሼ፣ አሁንም ያችን ክኒን ትውጣታለህ?»

«ለምጃት ነው።»

«እስረኛም ሰንሰለቱን ይለምዳል! እኔን እየኝ። ጭንቀት ሲመጣብኝ ሁለት ዙር እሮጣለሁ፣ አለቀ። ወንድ ልጅ በሐኪም ትእዛዝ ነው እንዴ የሚስቀው?»

«አንተ ልጅ፣ ምሳውን ይብላበት» አለች እህቱ።

ጋሽ ፊውዝ ሳቀ፤ ነገሩ ግን ገባው። ማታ ለሚስቱም ለሐኪሙም ሳይናገር ክኒኑን ከነካርቶኑ ጣለው። ታላቁ አብዮት በኩሽና ቆሻሻ ቅርጫት ውስጥ ተጀመረ።

ለጥቂት ቀናት ድል በድል ሆነ። ከዚያ ነዘረው። አጭርና ስለታም ነው፤ ከጆሮው ጀርባ ተነሥቶ ወደ ግንባሩ ይሮጣል፣ ዓይኑን ወደ ጎን ባዞረ ቁጥር ይመጣል። ሌላ ሰው ቢሆን «ራሴን አመመኝ» ብሎ ይተኛ ነበር። የመብራት ሠራተኛ ግን ሲነዝረው የሚያውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የሆነ ቦታ ኮረንቲ አፈትልኳል።

ስለዚህ ቤቱን ከሰሰ። ሶኬቶቹን ነቀለ፣ ኮርኒሱን አወረደ፣ ግድግዳውን ሰነጠቀ። ብሎን ቢወድቅበት ተሳደበ፤ ወዲያው ደግሞ ያንኑ ብሎን ይዞ አለቀሰ።

«አንተ ሰውዬ፣ ቤቴን ልታድሰው ነው ልትቀብረው?» አለች ሚስቱ።

«ዝም በይ እሙ። የሆነ ቦታ ያፈሳል።»

በመጨረሻ ዋናውን ሳጥን ከፍቶ የውሃ ማሞቂያውን የመሬት ሽቦ ፈታ፤ ጥፋቱን ለመለየት ያህል። የመሬት ሽቦ ማለት ከማሞቂያው ያፈተለከ ኮረንቲ ሰው ሳይነካ መሬት የሚገባበት መንገድ ነው። ፈታው፤ ነዘረው፤ ራሱን ይዞ ተቀመጠ። ሲነሣ ሳጥኑን ዘጋ። ሽቦው ውስጡ ተንጠልጥሎ ቀረ።

በማግስቱ የራስ ምታት መድኃኒት ሊገዛ ፋርማሲ ሄደ። ከመደርደሪያው ጀርባ ያለችው ልጅ ቀና ብላ አየችው፤ በዐሥራ አንድ ዓመት የመጀመሪያዋ መሆኗ ነው።

«ሌላ የሚወስዱት መድኃኒት አለ?»

«ነበረ። የድብርት። ተውኩት።»

«በአንዴ?»

«በአንዴ።»

«አባቴ፣ እሱ እኮ በአንዴ አይተውም! ሐኪም ነው ቀስ በቀስ የሚቀንሰው። ንዝረቱም የመጣው ከማቆምዎ ነው። ዛሬውኑ ሐኪምዎ ጋ ይሂዱ።»

ጋሽ ፊውዝ እየሳቀ ወጣ። ቤቱ ንጹሕ ነው! ሐኪም ዘንድ ግን አልሄደም፤ ሰኞ ጠዋት የአንድ ዳቦ ቤት መስመር ሊያገናኝ ቃል ገብቷልና «እሱን ልጨርስ» አለ። ሊቀመንበሩም በስልክ አጽናናው። «ጠላት ሲሸነፍ ነው የሚጮኸው፣ ጋሼ! በርታ!» የሚነዝረው የሌላው ራስ ነው፤ «በርታ» ማለት ለእሱ ምን ገዶት።

ከዚያ ወዲያ ነዘረኝ ማለት ቀረ። የመጣውን ሁሉ ከክኒኗ ቆጠረው። ዓርብ ዕለት ሚስቱ «የሻወሩ ቧንቧ ቆነጠጠኝ» ስትለው እንኳ «ከእኔ ተጋብቶብሽ ነው» ብሎ ቀለደባት። እሷም ሳቀች።

ቅዳሜ ጠዋት ፎጣዋን ይዛ ሻወር ገባች። እሱ ኩሽና ውስጥ ብርጭቆ ያጥባል። ቧንቧውን ሲነካ ነዘረው።

«አውቄሻለሁ» አለ ክኒኗን በንቀት።

እንደገና ነካው፤ እንደገና ነዘረው። ዓይኑ ግን ፊት ለፊት መስኮቱን እያየ ነበር፤ ወደ ጎን አላዞረውም። ይኼኛው ደግሞ ከጆሮው ጀርባ አልተነሣም። ከጣቱ ነው የጀመረው።

ያ የተንጠልጠለው ሽቦ ትዝ አለው። ከግድግዳው ወዲያ ውሃው ይወርዳል።

ብርጭቆውን ጥሎ ሮጠና ዋናውን ብሬከር አወረደው። ፍሪጁ ዝም አለ። ውሃው መውረዱን ቀጠለ።

«እሙ!»

ወደ ሻወሩ ሮጠ።

«እሙ!» በሩን በጡጫ ደበደበው።

«ምን ሆነሃል አንተ? ሳሙና ዓይኔ ውስጥ ገብቶ!» በሩን ከፈተች፤ ፎጣ ተጠቅልላ ቀኝ እጇን ታሻለች። «ክንዴን አደነዘዘኝ እኮ። ቧንቧውን መዝጋት ፈራሁ።»

ጋሽ ፊውዝ ሳጥኑን ከፈተና ሽቦውን በቦታው አሰረው፤ መፍቻው እስኪንሸራተት አጠበቀው። ብሬከሩን አላነሣውም። ቴስተሩን ቧንቧው ላይ አደረገ፤ አልበራም። ቤቱ ውስጥ አንዲት ጠብታ ኮረንቲ የለችም። ከዚያ እንደ ልማዱ በጣቱ ጀርባ ነካው።

ነዘረው።

ብሬከሩን አየ፤ ወርዷል። እንደገና ነካ። ነዘረው። ከጣቱ ይሁን ከጆሮው ጀርባ አሁን መለየት አቃተው።

«እሙ፣ ነይ እስቲ። ይችን ቧንቧ ንኪያት።»

«አጥፍተኸው የለ?»

«ጠፍቷል።»

«ታዲያ እኔ ለምን እነካለሁ?»

ጣቱን ወደ ቧንቧው እንደዘረጋ ቆሞ ይጠብቃታል። ሚስቱ እርጥብ እጆቿን ወደ ኋላዋ ደበቀች።