የነዌ ጎረቤቶች

ባለፈው እሁድ እዚህ ወልቂጤ ውስጥ አንዲት የመሥሪያ ቤት ባልደረባዬ የማርያም ማኅበር ተራዋ ደርሶ ጠርታኝ ሄጄ ነበር። የደገሰችው ቤቷ ሳይሆን በተከራየችው አዳራሽ ነው። ወጡ ከሥሩ እሳት በተለኮሰለት ትልልቅ የብረት ዕቃ ተደርድሯል፣ ነጭ ቆብ ያጠለቁ ልጆች ይጨልፋሉ፣ እኛም እንደ ሠርግ ታዳሚ ሰሐን ይዘን ተሰልፈናል። ከጠረጴዛው ጫፍ በኮባ የተጋገረ አንድ ትልቅ ድፎ ዳቦ ተቀምጧል፤ ማንም አልነካውም፣ ለፎቶ ያኖሩት ይመስለኛል። ሰው ሳያየኝ ከዳሩ ቆረስ አድርጌ ወደ አፌ ሳስጠጋው፣ ያ እሳት የለበለበው የኮባ ቅጠል ሽታ፣ ጢስም እርጥበትም ያለው ሽታ፣ አፍንጫዬን ሲነካኝ ወረፋዬንም ድግሱንም ረስቼ ልቤ ወደ ቡታጅራ፣ ወደ ልጅነት ቤታችን ነጎደ።

ቤታችን ከአስፋልቱ ገባ ብሎ ነበር። አባዬ ከደብረ ብርሃን በኩል ተመድቦ መጥቶ እዚያው የቀረ የአንደኛ ደረጃ መምህር ነው፤ እማዬ፣ ስሟ ጸሐይ፣ ከሶዶ ወገን ናት። ከጎረቤታችን ከጋሽ ደምሴ ግቢ የሚለየን አንድ ረድፍ እንሰት ብቻ ነበር፤ በመካከሉም ሁለቱ ቤቶች በየቀኑ እየተመላለሱ ያበጁት መሹለኪያ ነበረ። ጋሽ ደምሴ የበርበሬ ነጋዴ ነበሩ። ወቅቱ ሲደርስ ከመስቃን ገጠር በጋሪ የተጫነ በርበሬ ይገባላቸዋል፣ ግቢያቸው ዳር እስከ ዳር በሸራ ላይ ቀልቶ ይሰጣል፣ ነፋስ በተነሳ ቁጥርም መንደሩ በሙሉ ያስነጥሳል። ገንዘቡ ለእነሱ፣ ማስነጠሱ ለእኛ ትል ነበር እማዬ፣ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን እየጠረገች።

ልጃቸው ሰናይት እኩያዬ ነበረች፤ እኔም በእሷ ላይ መቅናት የጀመርኩበትን ቀን አላስታውስም፣ ከማስታወሴ በፊት ጀምሬ ነበርና። በስፖንጅ ፍራሽ ትተኛለች፣ እኔ በገለባ። ለፋሲካ ቀይ ቆዳ ጫማ ከመርካቶ ይመጣላታል፤ እኔ ለመስከረም የተገዛልኝን የጎማ ጫማ አጥቤ አደርጋለሁ። እርሳሷ ሲያልቅ ሌላ እርሳስ ይሰጣታል፣ የእኔን ግን አባዬ በምላጭ እየቀረጸ ጣቴ እስከማይዘው ያደርሰዋል። ከሁሉም ከሁሉም የሚያንገበግበኝ ደግሞ እሷ ይህን ሁሉ ልብ አለማለቷ ነበር። ጫማዋን ሳደንቅላት ግራ ገብቷት ወደ እግሯ ታይ ነበር።

መጽናኛዬ ቤተ ክርስቲያን ነበር። የነፍስ አባታችን አባ ወልደ ሰንበት ከቅዳሴ በኋላ የሚያስተምሩት የነዌንና የአልዓዛርን ታሪክ ነው፤ ቀይ ሐር ለብሶ በየቀኑ ሲበላ ሲጠጣ የኖረው ባለጸጋ ነዌ በእሳት መካከል ሆኖ ጠብታ ውኃ ሲለምን፣ በደጁ ወድቆ የኖረው ድሃው አልዓዛር በአብርሃም እቅፍ ተቀምጦ ያየዋል። እኔ ከእማዬ አጠገብ ቆሜ ሳዳምጥ ነዌ ያለ ጥርጥር የጋሽ ደምሴን ባርኔጣ አድርጎ ይታየኝ ነበር። ሰናይትም በቀይ ጫማዋ ከጎኑ ቆማ ውኃ ትለምነኛለች፣ እኔም ከአብርሃም እቅፍ ሆኜ ትንሽ አስለምኛት ጠብ አድርጌ አጠጣታለሁ፤ ክፉ ልጅ አልነበርኩማ። ችግሩ ግን አልዓዛር ቁስለኛ ነው፣ ውሾች ቁስሉን ይልሱታል፤ እኛ ግን ቁስል የለንም፣ ውሻም የለንም፣ ያውም አባዬ በየወሩ ደመወዝ ያመጣል። ለሰናይት ኑሮ ያልበቃን፣ ለአልዓዛር ድህነትም ያልበቃን፣ መሐል ላይ የቀረን ሰዎች መሆናችን ሲገባኝ፣ በደጀ ሰላሙ በር በሚቀመጡት የኔ ቢጤ ሽማግሌ ላይም መቅናት ጀመርኩ። የእሳቸው ቦታ በሰማይ የተያዘ ነው።

እማዬ የምትቀናበት ምክንያት ከእኔ የከበደ ነበር፤ ያ ሀብት በግማሽ የእኛ ሊሆን ይችል ነበርና። እኔ ገና ጡት ስጠባ፣ ጋሽ ደምሴ ከአንዲት አህያና ከአንድ ሚዛን በቀር ምንም ያልነበራቸው ጊዜ፣ ሂሳብ የሚይዝላቸው ሰው ፈልገው ወደ አባዬ መጥተው እኩል እንካፈል ብለውት ነበር አሉ። አባዬም መጽሐፍ ቅዱሱን አውጥቶ፣ ሀብታም ወደ መንግሥተ ሰማያት ከሚገባ ግመል በመርፌ ቀዳዳ ቢሾልክ ይቀላል የሚለውን አንብቦ ሸኛቸው። ጋሽ ደምሴ ስቀው ሄዱ። አባዬ ይህን ታሪክ እንግዳ በመጣ ቁጥር እንደ ሜዳሊያ አውጥቶ ያሳያል፣ እማዬም በዚያ ሰዓት ወደ ጓዳ የምትሄድበት ጉዳይ አታጣም።

ይሁንና ነዌ ቢያንስ ንፉግ ነበር። እነዚህኞቹ ንፉግ ቢሆኑልን ኖሮ ምንኛ በተመቸኝ! እትዬ አስካለ፣ የጋሽ ደምሴ ባለቤት፣ ደጇ ላይ የቆመ ሰው ባዶ እጁን አይመለስም። የታመመ ትጠይቃለች፣ ለለቀስተኛ ንፍሮ ቀቅላ ትልካለች፣ የማታውቀውን ሰው ልጅ ደብተር ትገዛለች። እኔ አልዓዛርን ሁልጊዜ በደጇ አየዋለሁ፣ ግን ጠግቦ ነው። ምድሩን እንደወሰዱብን ሁሉ ሰማዩንም ሊወስዱብን ነው ብዬ አንጀቴ አረረ።

እማዬና እትዬ አስካለ አንድ የማርያም ማኅበር ነበራቸው። ወሩ በገባ በሃያ አንድ ጽዋው ከቤት ወደ ቤት ይዞራል፣ ተራዋ የደረሰ ሴት ማኅበርተኛውን ታበላለች፣ ታጠጣለች። ሕጉ ግን የታወቀ ነው፦ ዳቦ፣ ንፍሮና ጠላ፣ ከዚያ ያለፈ የለም። ድሮ አንዲት ሴት የደጋሾቹን ፉክክር መቋቋም አቅቷት ከማኅበሩ በመቅረቷ ነው አሉ ሕጉ የወጣው። የእማዬ ዳቦ ደግሞ ስም ነበረው፤ ኮባው ተገልጦ እንፋሎቱ ሲወጣ ሴቶቹ ከመቆረሱ በፊት እልል ይሉላት ነበር። በዓመት አንድ ቀን፣ በዚያች ቀን ብቻ፣ እማዬ በማንም አትቀናም ነበር።

አንድ ዓመት ከፋሲካ በኋላ፣ ገና በዓለ ሃምሳ ሳይወጣ፣ ተራው የእትዬ አስካለ ሆነ። ጋሽ ደምሴ በዚያው ሰሞን አይሱዙ የጭነት መኪና ገዝተው፣ አባ ወልደ ሰንበት ጠበል ረጭተውላት በግቢው ቆማለች። እትዬ አስካለ በደስታዋ ብዛት ሕጉን ረሳችው፤ ለማኅበርተኛው ሁሉ በየጣባው ክትፎ፣ ከጎኑም አይብና ቆጮ ቀረበ። እማዬ ጣባዋን ይዛ ወደ አባ ወልደ ሰንበት ስታይ አይቻታለሁ። እሳቸውም አብርሃም ለእንግዶቹ የሰባ ጥጃ ማረዱን አስታውሰው፣ ባርከው፣ ቀድመው ጎረሱ። በማግስቱ መንደሩ ከዚያ ቅቤ በቀር ወሬ አልነበረውም። የሚቀጥለውን ወር ጽዋ በነጠላዋ አቅፋ በመሹለኪያው ወደ ቤት ያመጣችው እማዬ ነበረች።

ያን ወር ቤታችን ጨልሞ ከረመ። እማዬ ከክትፎ በኋላ ዳቦ ይዛ እንዴት እንደምትቆም ማሰብ አቃታት። አባዬ ደግሞ ደርሶ ሕግ ሕግ ነው፣ ማርያም የምታየው ልብን እንጂ ሥጋን አይደለም፣ ድህነትም ጸጋ ነው እያለ ያስተምራታል። አንድ ከሰዓት በኋላ ስንዴ እየለቀመች ሳለ ሰፌዱን አስቀመጠችና፣ ድምጿን ከፍ ሳታደርግ፣ «ድህነቱን የመረጥከው አንተ ነህ። እኔን ማን ጠየቀኝ?» አለችው።

አባዬ መነጽሩን አወለቀ፣ ጠረገው፣ መልሶ አደረገው። እኔ በሆዴ የእማዬ ወገን ነበርኩ፤ የዚያች አይሱዙ ግማሽ፣ የቀዩ ጫማም አንዱ እግር የእኔ እንደነበረ አስብ ነበርና።

በማኅበሩ ዋዜማ፣ ፀሐይ ወደ መግቢያዋ ስትል፣ እትዬ አስካለ በእንሰቱ መሐል ሹልክ ብላ መጣች። በኮባ የተጠቀለለ ትልቅ ነገርና ክዳን ያለው ዕቃ ይዛለች። ብርጭቆ እያጠብኩ ስለነበር ሁሉንም ሰማሁ። ሥጋ ተርፎባት እንደሆነ፣ ካደረ እንደሚበላሽ፣ ቅቤውም የቆየ በመሆኑ ቶሎ ማለቅ እንዳለበት ተናገረች። ሥጋው የዚያን ዕለት የታረደ፣ ቅቤው የዚያን ዕለት የተነጠረ መሆኑን እኔ እንኳ ልጅቷ ከሽታው አውቄያለሁ። እማዬም አወቀች። እግዜር ይስጥልኝ ብላ ተቀበለቻት። ያን ጊዜ የተሰማኝን ዛሬም በግልጽ እናገራለሁ፤ ጠላኋት። መስጠቷ ሳያንስ ደብቃ ሰጠች። ቀኝህ የምትሰጠውን ግራህ አትወቅ የተባለውን ከአፍ እስከ ገደፍ ፈጸመችው፤ እኛ ለመፈጸም ብንፈልግስ ምን ይዘን?

በማግስቱ ቤታችን ሞላ። እማዬ ክትፎውን ስታቀርብ ሴቶቹ ዓይናቸው ፈጠጠ፣ አንዳንዷም ጎረቤቷን በክርኗ ነካ አደረገቻት። አባ ወልደ ሰንበት ግን ጣባውን በጣታቸው ገፋ አደረጉት። ሕግ መኖሩን አስታወሱ፤ ለታይታ መደገስ የትዕቢት ልጅ መሆኑን፣ የመምህር ደመወዝም የት ድረስ እንደሚዘልቅ ሁሉም እንደሚያውቅ ተናገሩ። ባለፈው ወር የነበረው አብርሃም ያን ቀን አልተነሳም። አባዬ በሩ አጠገብ ቆሞ ጫማውን ያያል፤ እማዬ ጭልፋ እንደያዘች መሐል ቤት ደረቀች።

እትዬ አስካለ ከተቀመጠችበት ተነሳች። «አባቴ፣ ሕጉን መጀመሪያ ያፈረስኩት እኔ ነኝ። ጸሐይ ከእኔ አይታ ነው። ቀኖና ካለ ለእኔ ይስጡኝ» አለችና መስቀላቸውን ለመሳለም ጎንበስ አለች። ስለ ሥጋው አንዲት ቃል አልተነፈሰችም። አባ ወልደ ሰንበትም ፊታቸው ፈታ አለ፣ ነገሩም በዚያው ሊያልፍ ነበር። እማዬ ዝም ብትል ኖሮ ክትፎው የእሷ ሆኖ ይቀር ነበር፤ እኔም በልቤ ዝም በይ፣ ዝም በይ እላለሁ።

እማዬ ጭልፋውን አስቀመጠች። «ሥጋው የእትዬ አስካለ ነው» አለች። «ቅቤውም የእሷ ነው። ስቀናባት ከርሜ ትናንት በጓሮ ይዛልኝ መጣች። የእኔ ዳቦው ብቻ ነው።»

እትዬ አስካለ አፏን በነጠላዋ ሸፈነች፤ ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ ማልቀሷን አወቅን። እኔ ከእፍረቴ የተነሳ ጓዳ ገብቼ ጆንያ ላይ ተደፋሁ። ከዚያ በኋላ የሆነውን በጆሮዬ ብቻ ነው የማውቀው፤ አባ ወልደ ሰንበት ጉሮሯቸውን ጠረጉ፣ እስቲ ዳቦውን አምጪልን አሉ፣ ቀጥሎም ኮባው ሲገለጥ ሰማሁ። አባዬ ከዚያ ቀን ወዲህ የግመሉን ታሪክ ለእንግዳ ሲናገር ሰምቼው አላውቅም።

ዛሬ እንሰቱ ተነቅሎ በቦታው የግንብ አጥር ቆሟል። ጋሽ ደምሴም እትዬ አስካለም አልፈዋል፤ ቤቱ ተሸጦ ፎቅ ሆኗል፣ ሰናይት አዲስ አበባ ናት ይባላል። እኔ አሁን ስፖንጅ ፍራሽ አለኝ፣ ቀይም ጥቁርም ጫማ አለኝ፣ ደጄ ላይ ለሚቆም ሰው የምሰጠውም አላጣሁም። ግን የፊት ለፊቷን ጎረቤቴን ስም አላውቅም፤ መኪና መቀየሯን ግን በዚያው ዕለት አውቄያለሁ፣ ዋጋውንም ጠይቄያለሁ።

አምና እማዬን ልጠይቅ ቡታጅራ ሄጄ ፀሐይ እየሞቅን ሳለ፣ ያን ቀን በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ለምን እንደተናገረች ጠየቅኋት። ስለ እውነት፣ ስለ ኃጢአት፣ ስለ ማርያም የሆነ ነገር ትለኛለች ብዬ ጠብቄ ነበር። እሷ ግን «ደክሞኝ ነበር ልጄ» አለችኝ። «መቅናት ደክሞኝ ነበር።»

እማዬ ያኔ ገና ሠላሳ ዓመት ቢሆናት ነው። እኔ ሃምሳ ሊሞላኝ ነው፣ ገና አልደከመኝም።