የግመል አጥንት ዶሚኖዬ

ሞረዱን አልሰጥም አልኩ። ዛሬም ቢጠይቁኝ መልሴ ያው ነው።

ሞረዱ የአባቴ ነው። አባቴ ድሬዳዋ የባቡር ጥገና ውስጥ አናጢ ነበር፤ ከሥራ ሲወጣ በረንዳ ላይ ቁጭ ብሎ ከግመል አጥንት ዶሚኖ ይሠራል። ሲሞት አንድ ሞረድ፣ አንድ መጋዝና አንድ የእጅ መሰርሰሪያ ተወልኝ። ሃያ አራት ዓመቴ ነበር፤ ባልም ሌላ ሙያም አልነበረኝም። አጥንቱን ከግመል ሥጋ ሻጮች ለምኜ አመጣለሁ፣ ደቻቱ ወንዝ ዳር በአመድ ውሃ ቀቅዬ ስቡን አወጣለሁ፣ ፀሐይ ላይ አሰጣዋለሁ። ሽታው ጎረቤት ያስኮርፋል። ከዚያ መቁረጥ፣ መሞረድ፣ በብርጭቆ ወረቀት ማለስለስ ነው። በርጫ ላይ ጫቱን ይዞ የሚቀመጥ ወንድ ሁሉ በእኔ ዶሚኖ ይጫወት ነበር፤ የሴት እጅ ሥራ ነው ሲሉት ግን የማያምነው ይበዛል።

ዘመኑ የደርግ ነው፣ ሁሉም በማኅበር ይደራጅ ተባለ። የሰፈራችን የእንጨት ሥራ ማኅበር ሊቀመንበር ቤቴ ድረስ መጣ። ቁጭ በል ሳልለው ተቀመጠና፣ "መሣሪያሽን ለማኅበሩ ታስረክቢያለሽ፤ አንቺም ትገቢያለሽ" አለኝ።

"ገብቼ ምን እሠራለሁ?"

"ሻይ ክፍሉ ሰው ይፈልጋል" አለ፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ።

ደሜ ፈላ። "ሞረዱ ለወንዶቹ፣ ማንቆርቆሪያው ለእኔ? ጓድ፣ ይሄ ሞረድ እኔን ነው የሚያበላኝ፤ እርስዎን አያውቅዎትም" አልኩት። ንዑስ ከበርቴ ነሽ ብሎኝ ወጣ። የግመል ቅልጥም ስቀቅል የምውለውን ሴትዮ ንዑስ ከበርቴ አለኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እንጨት የሚሸጥልኝ ጠፋ፤ ለማኅበር አባል ብቻ ነው ይሉኛል። አባቴ የእያንዳንዱን የዶሚኖ ጠጠር ጀርባ በስስ እንጨት ይለብጥ ነበር። ለምን ብዬ ጠይቄው አላውቅም፤ ለጌጥ ነበር የሚመስለኝ። እንጨት ሳጣ ይቅር አልኩ፤ አጥንቱ ራሱ ያምራል ብዬ ጀርባውን ራቁቱን ተውኩት። እልህም ነበረበት።

ለሠራተኞች በዓል ከዚራ ሰፈር ባለው ክበብ የዶሚኖ፣ የዳማና የቼዝ ውድድር ተዘጋጀ፤ ማጣሪያው አንድ እሑድ፣ ፍጻሜው በሚቀጥለው። እኔም ዛፍ ሥር ጠረጴዛ ዘርግቼ ዕቃዬን ደረደርኩ። ዳኛው ጡረታ የወጡ የባቡር ነጂ ነበሩ፤ ለዶሚኖው ውድድር የመረጡት የእኔን ነው። ኩራቴ ሌላ ነበር።

እኩለ ቀን ላይ አንዱ ተሸናፊ ጠረጴዛውን መታ። "አቦ፣ ይሄ ሰውዬ ጠጠሮቹን በጀርባቸው ያውቃቸዋል!" አለ። እውነቱን ነው። አጥንት አንዱ መስመር አለው፣ ሌላው ነጥብ አለው፤ ሦስት ጨዋታ የተጫወተ ሰው የትኛው የቱ እንደሆነ ይለያል። አባቴ ለምን እንጨት ይለብጥ እንደነበር ያኔ ገባኝ።

ሊቀመንበሩ ከየት እንደመጣ አላውቅም። "አጭበርባሪ ናት፤ መሣሪያዋ ይወረስ" አለ። ሰው ከበበን። መካድ እችል ነበር፤ ግን ለእሱ ብዬ ምን ቆርጦኝ እሸማቀቃለሁ? ሃያ ስምንቱንም ጠጠሮች በፊታቸው ደፋኋቸው፣ አሸሁና አንድ በአንድ ጠራኋቸው። ስድስት በአራት። አንድ በባዶ። እየገለበጡ አዩ፤ አንድም አልሳትኩም።

"አጥፍቻለሁ" አልኩ። "ላጭበርብር ብል ግን አፌን ዘግቼ እጫወትበት ነበር። እሑድ እኔ ራሴ የማልለየውን ይዤ እመጣለሁ። ጓድ፣ አንዱን መርጠው ይጠይቁኝ። ካወቅኩት ሞረዱን ይውሰዱ። ካላወቅኩት ደጄን አይርገጡ።"

"ወላሂ፣ ሰው ሁሉ ሰምቷል" አሉ ዳኛው። ሊቀመንበሩ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት እምቢ ማለት አልቻለም።

እንጨት የለኝም። ጎረቤቴ ሙሽራ ሂና የምትቀባ ሴት ነበረች፤ ጭንቀቴን ሰምታ፣ "አንቺ፣ የሰው ጥፍር የሚይዝ ሂና አጥንት ይፈራል እንዴ?" አለችኝ። የጠጠሮቹን ጀርባ አብረን ለቀለቅነው፤ ደረቀ፣ አጠብነው፣ ደግመን ለቀለቅነው። በአምስተኛው ቀን ጠቁሮ መስመሩም ነጥቡም ጠፋ። እንደ ልማዴ ቁጥር ያልተበሳበት አንድ ትርፍ ጠጠር ቆርጬ ነበር፣ ምናልባት ቢሰበር ብዬ፤ እሱንም አብሬ ቀባሁና ሽርጤ ኪስ ውስጥ ከተትኩት።

እሑድ ዳኛው ጠጠሮቹን ደፍተው አሹ። ሞረዱ በቃሌ መሠረት ጠረጴዛው ላይ ነው። ሊቀመንበሩ ዞረ፣ አጎነበሰ፣ ጣቱን አንዱ ላይ አሳረፈ።

ጥጉ ላይ፣ ከምስር የምታንስ ቦታ፣ ሂናው አልያዘም ነበር። ቅዳሜ አይቻት ማን ያያታል ብዬ ያለፍኳት ናት። ባዶ በባዶ ነበር።

ያ ሁሉ ሰው ባለፈው እሑድ እውነት በመናገሬ ያመሰገነኝ ነው። ሞረዱን አየሁት። እጀታው ላይ የአባቴ አውራ ጣት ያጎደጎደው ቦታ አለ። ሻይ ክፍሉ ታየኝ።

"አላውቅም" አልኩ።

"እርግጠኛ ነሽ?"

"አላውቅም አልኩ እኮ፣ ጓድ። ስድስት በስድስት ይሆን?"

ገለበጠው፤ ባዶ በባዶ። ሰው ሳቀ። "እንግዲህ የልጅቱን ደጅ አትርገጥ" አሉት ዳኛው። እነሱ ሲስቁ እኔ ጠጠሩን አነሣሁ፤ አቧራ ነክቶታል ብዬ በሽርጤ ጠረግኩና በቦታው ከኪሴ ያወጣሁትን ትርፉን መለስኩ። ባዶ በባዶ ቁጥር የለውም፤ የመሃል መስመሩን ደግሞ ቀድሜ አውጥቼለት ነበር። ፍጻሜው ተካሄደ፣ ማንም አልተበደለም።

ዋሽቻለሁ። ንስሐ ግቢ የሚሉኝ አሉ። ወይ ፍንክች። ከተጫዋቾቹ ማንንም አላታለልኩም፤ ያታለልኩት አንድ ሰው ነው፣ እሱን ዛሬም ቢመጣ ደግሜ አታልለዋለሁ። ሞረዱ ጥርሱ አልቆ ሣጥኔ ውስጥ ተቀምጧል፤ ጠጠሩም ከጎኑ አለ። ሊቀመንበሩ ሁለተኛ ደጄን አልረገጠም። ሻይ ሲያምረኝ አፈላለሁ፣ ለራሴ።