አንድ ገጽ ስለ ፎገራ ውኃ

ከአዲስ አበባ የተነሣሁት በመስከረም መጨረሻ፣ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ በሚወጣው አውቶቡስ ነው። ዘመኑ የደርግ ነበር፤ እኔም የውጭ ንግድ ድርድር በሚከታተል የመንግሥት ቢሮ ውስጥ ጀማሪ ዲፕሎማት ነበርኩ። አንድ ወዳጅ አገር ጣና ዳር ያለውን የፎገራ ሜዳ ውኃ በቦይ አድርቆ ሩዝ ሊያለማ፣ ከምርቱም ሊወስድ ጠይቆ ነበር። ውጭ አገር ለሚደረገው ድርድር ሁለት ወር ቀርቶ ነበር። ከልዑካኑ አንዷ እኔ ነኝ፤ ከዚያ በፊት ከአገር ወጥቼ አላውቅም።

ኃላፊዬ የጉዞ ፈቃዱን ሲሰጠኝ «ጓድ ጽጌ፣ አንድ ገጽ ይበቃል» አለኝ። «ረግረጉ ጥቅም እንደሌለው አይተሽ ጻፊ።»

አይቼ ነው የምጽፈው ወይስ የምጽፈውን ልፈልግ ነው የምሄደው? ልጠይቀው ፈራሁና ፈቃዱን ይዤ ወጣሁ።

መንገዱ

የመጀመሪያውን ቀን የዓባይን በረሃ ወርደን ወጥተን ደብረ ማርቆስ አደርን። በየኬላው እየወረድን የይለፍ ወረቀት አሳየን። በማግሥቱ ባሕር ዳር ገባሁ፤ በሁለት ብር የተጠበሰ ዓሣ በላሁና ለስብሰባው የሚሆኑ ጥያቄዎች ጻፍኩ። ጥያቄዎቹ ያኔ በጣም ግልጽ መስለውኝ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ከሐሙሲት ከተማ ወዲያ ምድሩ ተዘረጋ። የጉማራን ወንዝ ስንሻገር በስተግራ ያለው ሜዳ ግማሹ ውኃ፣ ግማሹ ሣር ነበር። የቱ ማሳ፣ የቱ ሐይቅ እንደሆነ መለየት አቃተኝ። ቀንዳቸው አጭር፣ ሰውነታቸው ግዙፍ የሆነ ላሞች እስከ ጉልበታቸው ውኃ ውስጥ ቆመው ይግጣሉ።

ወረታ

ወረታ ላይ የተቀበለኝ ካድሬ በቀጥታ ወደ ስብሰባ ወሰደኝ። ገበሬዎቹ ከዋርካ ሥር ተቀምጠው ይጠብቁን ነበር፤ የብዙዎቹ እግር ጭቃው አልደረቀም። ካድሬው ስለ ቦዩ ተናግሮ ሲጨርስ የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር አቶ ጥሩነህ ከሁሉ ቀድመው ተነሥተው አጨበጨቡ። «ውኃው ይገታልን!» አሉ። ሰዉም ተከትሎ አጨበጨበ። እኔም «ሕዝቡ በሙሉ ይደግፋል» ብዬ ጻፍኩ። ሥራዬ ያለቀ መሰለኝ።

በማግሥቱ ገበያ ነበር። ካድሬው ሰው ሊያነጋግር ሲሄድ እኔ ወደ ቅቤ ተራ ገባሁ። እትዬ አስካለ የሚባሉ ሴት ቅቤያቸውን በቅጠል ዘርግተው ተቀምጠዋል። ጠጋ ብዬ ውኃው ቢደርቅ ደስ ይላቸው እንደሆነ ጠየቅኋቸው።

«ውኃው በክረምት መጥቶ ሲሸሽ እኮ ነው ሣሩ የሚበቅል» አሉኝ። «ሣሩ ከሌለ ላሞቼ ምን ይብሉ ልጄ?»

ከጎናቸው የተቀመጠችው ሴት ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች። «ባሏን እኮ ያ ውኃ ነው የበላባት፤ አምና ክረምት።»

ደንግጬ ወደ እትዬ አስካለ ዞርኩ። ሰምተዋል።

«በሬውን ላውጣ ብሎ ገብቶ ቀረ» አሉ።

«ታዲያ ውኃውን አይጠሉትም?»

«እንዴት አልጠላው! ግን የቀሩኝን ሁለት ላሞች የሚያበላልኝም እሱው ነው።»

ማስታወሻዬን ዘጋሁት። ይህን በየትኛው ጥያቄ ሥር እንደማሰፍረው አላወቅሁም።

ከሰዓት በኋላ ከፍ ካለ ጉብታ ላይ ወዳለው ደብር ሄድኩ። መሪጌታው የቆሎ ተማሪዎቻቸውን አሰናብተው ወጡልኝ። እሳቸው እንኳ የውኃው ወዳጅ ይሆናሉ ብዬ ነበር።

«ይድረቅ» አሉኝ ሳይጠየቁ። «በክረምት የሞተ ሰው የምናመጣው በታንኳ ነው። አስከሬኑ ውኃ ውስጥ እንዳይወድቅብን እየሰጋን ነው ለቀብር የምናደርሰው።»

«ከብቱስ ግጦሽ ከየት ያገኛል፣ የኔታ?»

ቁልቁል ወደ ሜዳው ተመለከቱ። «እውነትሽን ነው። ሰዉ ከብቱን እየነዳ ከሄደ እኔስ ማንን አስተምራለሁ? ተይው፣ አትጻፊው እንግዲህ» አሉና ተመልሰው ገቡ። የቱን እንደማልጽፈው አልነገሩኝም።

መመለስ

የደብረ ታቦር መንገድ ከሚገነጠልበት ቦታ አውቶቡስ ስጠብቅ አቶ ጥሩነህ ብቻቸውን መጡ።

«ጓድ፣ ያጨበጨብነውን አይጻፉት» አሉኝ።

«እርስዎ ነዎት እኮ ቀድመው ያጨበጨቡት!»

«እኔ ነኝ። እኔ ሊቀመንበሩ ካላጨበጨብኩ ማን ሊያጨበጭብ ነው?»

«ታዲያ ምን ልጻፍ?»

«መሬቱ ለማን እንደሚሆን ይጠይቁልን። ሩዙን ማን እንደሚበላው። ስሜን ግን አያንሡ።» አውቶቡሱ ሲመጣ እንደማያውቀኝ ሰው ፊታቸውን አዙረው ሄዱ።

አዲስ አበባ ገብቼ አንዱን ገጽ ደጋግሜ ጀመርኩ። የአቶ ጥሩነህን ስም ብተወው እንኳ የሰዎቹን ነገር አንድ ገጽ ሊይዘው አልቻለም። አራት ገጽ ሆነ። ኃላፊዬ አንብቦ ሲጨርስ መነጽሩን አወለቀ።

«እና ረግረጉ ይጠቅማል ወይስ አይጠቅምም?»

«አላውቅም።»

«ዲፕሎማት አላውቅም አይልም፣ ጓድ ጽጌ።»

በሳምንቱ ስሜ ከልዑካኑ ዝርዝር ተሰረዘ። በእኔ ፈንታ የሄደው ባልደረባዬ አንድ ገጽ ይዞ ሄደ። ሲመለስ ጃኬቱን እንኳ ሳያወልቅ ወደ ጠረጴዛዬ መጣ። የዚያ አገር ተደራዳሪዎች ስለ ከብቱ፣ ስለ ግጦሹ፣ ስለ ነዋሪው ጠይቀውት መልስ አጥቶ ድርድሩ ለሌላ ጊዜ ተቀጥሯል። «ያ አራት ገጽ አለሽ?» አለኝ። አውጥቼ ሰጠሁት።

ከዚያ ወዲህ ንግድና አፈር፣ ንግድና ውኃ የሚነካካ ጉዳይ ሁሉ ወደ እኔ ይመራ ጀመር፤ ዕድሜ ልክ ሥራዬም ሆኖ ቀረ። በኋላ በብዙ አገር አዳራሾች ተቀምጬ «የአገሬ አቋም» ብዬ አንብቤያለሁ። ሁልጊዜም ከማንበቤ በፊት እትዬ አስካለ የትኛው መሥመር ላይ እንዳሉ እፈልጋለሁ። ብዙ ጊዜ አላገኛቸውም።